ለራስ ሲቆርሱ

የማኅበራችን ምክር ቤት ባለፈው ስብሰባው አንድ ረቂቅ ደንብ ተቀብሎ ለጠቅላላ ጉባኤው እንዲቀርብ መወሰኑን አብዛኞቻችሁ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ረቂቁ «ለተማሪው ኅብረተሰብ ከፍ ያለ አገልግሎት ላበረከቱ ሰዎች» በየዓመቱ የሚሰጥ የክብር ሜዳይ ያቋቁማል፤ የሜዳዩን መጠን፣ የጥብጣቡን ቀለም፣ በሽልማቱ ዕለት ማን ንግግር እንደሚያደርግና ስንት ደቂቃ እንደሚናገር ሳይቀር በዝርዝር ይወስናል። ዕጩዎችን የሚያቀርበው ምክር ቤቱ፣ የሚመርጠው ምክር ቤቱ፣ ሜዳዩንም የሚያጠልቀው የምክር ቤቱ ሊቀ መንበር ነው። ማን ሊሸለም እንደማይገባው ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድም ቃል የለበትም። እንግዲህ ምክር ቤቱ በመጪው ሰኔ ተሰብስቦ «ከእኛ የበለጠ ማን አገለገለ?» ብሎ ራሱን ቢሸልም ደንቡን አከበረ እንጂ አፈረሰ አይባልም።

ያደርጉታል ማለቴ አይደለም። ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ወዳጆቼ የሆኑ አሉ፤ አንደኛው እንዲያውም ከእኔ በላይ ባለው አልጋ ላይ የሚተኛ ነውና ይህን ስጽፍ ቁልቁል እያየኝ ነው። ነገር ግን ደንብ የሚጻፈው ዛሬ ወንበሩ ላይ ላለው ደግ ሰው ሳይሆን ነገ ለሚመጣው፣ ገና ለማናውቀው ሰው ነው። የአገራችን ሰው «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ያለው ስግብግቦችን ብቻ አይቶ አይደለም፤ ቢላዋ እጁ የገባለትን ሰው ሁሉ አይቶ ነው።

ነገሩን ከግቢያችን አውጥቼ በሰፊ አገር ላይ ለማየት ፈልጌ ሰሞኑን ስለ ሕንድ ከፍተኛው የሲቪል ክብር፣ ስለ «ባራት ራትና»፣ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ሰነበትሁ። ስሙ «የሕንድ ዕንቁ» ማለት ነው። ሕንድን የመረጥሁት በዘፈቀደ አይደለም። ባለፈው ክፍለ ዘመን በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በየጠቅላይ ግዛቱ በተከፈቱት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩት ብዙዎቹ ሕንዳውያን መምህራን ነበሩ፤ አያቶቻችን ዛሬም ድረስ ስለ እነርሱ ጥብቅነት ያወራሉ። ከዚህም በላይ ሕንዶች በዚህ ነገር ከእኛ አስቀድመው ተጨንቀውበታል፤ ተከራክረዋል፣ ፍርድ ቤት ሄደዋል፣ አፍርሰውታል፣ መልሰውም ሠርተውታል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ሜዳይ በመስጠት ሳይሆን ሜዳይ በመመለስ ነው። እንግሊዞች ሕንድን የገዙት በጠመንጃ ብቻ አልነበረም፤ «ሰር»፣ «ራይ ባሃዱር»፣ «ካን ባሃዱር» የሚባሉ ማዕረጎችን እየሰጡ የአገሩን ትልልቅ ሰዎች በክብር ገመድ አስረዋቸው ነበር። ባለ ማዕረጉ ሰው ገዢውን ለመቃወም ሲያስብ አስቀድሞ የሚታየው የስሙ ጌጥ መርገፉ ነው። ይህን ገመድ ከበጠሱት አንዱ ባለ ቅኔው ራቢንድራናት ታጎር ናቸው። በ1915 «ሰር» ተብለው ነበር፤ በሚያዝያ 1919 በእንግሊዝ መኮንን የሚታዘዝ ጦር በአምሪትሳር ከተማ፣ በግንብ በታጠረ ሜዳ ውስጥ፣ ባዶ እጁን በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ተኩሶ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በገደለ ጊዜ ግን ለእንግሊዙ እንደራሴ ደብዳቤ ጽፈው ማዕረጉ እንዲነሣላቸው ጠየቁ። ጋንዲም በ1915 የተሰጣቸውን የወርቅ ሜዳይ በ1920 መለሱ።

ስለዚህ ሕንድ ነጻ ወጥታ ሕገ መንግሥቷ በጥር 1950 ሲጸና፣ በ18ኛው አንቀጽ መንግሥት ከወታደራዊና ከትምህርት ማዕረግ በቀር ማናቸውንም ማዕረግ ለማንም እንዳይሰጥ ተከለከለ። ይህን አንቀጽ ሳነብ ቆም ብዬ አደነቅሁ። ለረጅም ዘመን በማዕረግ ሲደለል የኖረ ሕዝብ፣ ማዕረግ የመስጠቱ ተራ የእርሱ በሆነ ማግስት፣ የገዛ እጁን አሰረ!

የታሰረ እጅ ግን ያሳክካል። አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ጥር 2 ቀን 1954፣ ከፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት በወጣ ማስታወቂያ ባራት ራትና ተቋቋመ። ክብር ነው እንጂ ማዕረግ አይደለም ተባለ። በመጀመሪያው ዓመት የተሸለሙት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ከነጻነት በኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ገዥ የነበሩት ራጃጎፓላቻሪ፣ ፈላስፋው ራዳክሪሽናን፣ በ1930 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ራማን። በችሎታቸው ላይ አፉን የሚከፍት ሰው አይገኝም። ይሁን እንጂ ራዳክሪሽናን በዚያን ጊዜ የአገሩ ምክትል ፕሬዚዳንት መሆናቸውን ልብ በሉልኝ፤ ገና ከመነሻው ሽልማቱ ከቤት አልራቀም።

ሜዳዩ የነሐስ ነው። ቅርጹ የጲጳል ቅጠል ነው፤ ጲጳል ከእኛ ዋርካና ሾላ ወገን የሆነ፣ ቡድሃ ከሥሩ ተቀምጠው ብርሃን አገኙበት የሚባልለት ዛፍ ነው። በአንድ ፊቱ የፀሐይ ምስልና የሽልማቱ ስም፣ በሌላው ፊቱ የመንግሥቱ ዓርማ «እውነት ብቻዋን ታሸንፋለች» ከሚል ቃል ጋር አለበት። ጥብጣቡ ነጭ ነው። ገንዘብ አብሮት አይሰጥም፤ ይህ በጣም ደስ ይለኛል። የእኛ ረቂቅ ከሜዳዩ ጋር የገንዘብ ስጦታ «እንደ አቅም» ይጨምራልና።

የሚመርጠው ማን ነው? ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለፕሬዚዳንቱ ያቀርባሉ፣ ፕሬዚዳንቱ ይሸልማሉ፤ ሌላ መደበኛ ጥቆማ አያስፈልግም። እንግዲህ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1955፣ ከተሸለሙት ሦስት ሰዎች አንዱ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኔሩ።

እዚህ ላይ ፍርዴን ማጥበቅ አልፈልግም። ኔሩ ለአገራቸው ነጻነት ሲሉ ዘጠኝ ዓመት ያህል በእስር ቤት የኖሩ ሰው ናቸው፤ አይገባቸውም ነበር የሚል ካለ ከእርሱ ጋር አልሰለፍም። ፕሬዚዳንቱ ራጄንድራ ፕራሳድም ይህን ያደረጉት ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ምንም ሐሳብ ሳይቀርብላቸው፣ በገዛ ራሳቸው አሳብ መሆኑን በይፋ ተናግረዋል። ነገር ግን ይህ ንግግር ነገሩን የሚያቀል መስሎ ያከብደዋል። ፕሬዚዳንቱ እንዲህ ብለው ማስረዳት ካስፈለጋቸው፣ ሰው ምን እንደሚል እርሳቸውም አውቀውታል ማለት ነው። (ፕራሳድም በተራቸው በ1962 ተሸልመዋል።)

አንድ ጊዜ የተከፈተ በር ደግሞ ለሚቀጥለውም ያስገባል። በ1971 የኔሩ ልጅ ኢንዲራ ጋንዲ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር እንደ ሆኑ፣ ተሸለሙ። የባንግላዴሽ ጦርነት ዓመት ነበረና ሕዝቡ በድል ደስታ ላይ ነበር፤ ማን ይጠይቅ? በ1991 የኢንዲራ ልጅ ራጂቭ በቦምብ በተገደሉ ጊዜ በዚያው ዓመት ለእርሳቸውም ተሰጠ። አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ። የሦስቱንም አገልግሎት ብናከብር እንኳ፣ የአገር ዕንቁ ሦስት ጊዜ ወደ አንድ ቤት ሲገባ የጎረቤት ዓይን ማማተሩ አይቀርም።

በዚህ ሁሉ መካከል ልቤን የነኩት አንድ ሰው አሉ። ማውላና አዛድ ይባላሉ፤ የነጻይቱ ሕንድ የመጀመሪያ የትምህርት ሚኒስትር ነበሩ። ሽልማቱ ሊሰጣቸው በታሰበ ጊዜ፣ በመምረጡ ሥራ ያለንበት ሰዎች ራሳችን መሸለም የለብንም ብለው እንቢ ማለታቸው ይነገርላቸዋል። በ1958 ሞቱ። ሽልማቱ የተሰጣቸው በ1992፣ ዳግመኛ እንቢ ለማለት በማይችሉበት ጊዜ ነው።

አሁን ደግሞ የሚያስቀውን ላውራችሁ። በ1977 ኢንዲራ ጋንዲ በምርጫ ሲሸነፉ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሞራርጂ ዴሳይ ባራት ራትናንና ከእርሱ በታች ያሉትን የሲቪል ሽልማቶች ሁሉ አስቀሩ፤ ፖለቲካ ገብቶባቸዋል የሚል ነበር ምክንያቱ። በጥር 1980 ኢንዲራ ወደ ሥልጣን ሲመለሱ ሽልማቱም አብሯቸው ተመለሰ፤ በዚያም ዓመት ለማዘር ቴሬዛ ተሰጠ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን በ1991 ከተሸለሙት ሦስት ሰዎች አንዱ ማን ናቸው? ሽልማቱን የሻሩት ሞራርጂ ዴሳይ! ዕድሜያቸው 95 ነበር። ይህን ያነበብሁ ለት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ብቻዬን ስቄ ጠባቂው በዓይኑ ገሠጸኝ። በኋላ ግን ሳስበው ሰውየውን አልፈረድሁባቸውም። በሥልጣን ላይ ሆኖ ሜዳይ መናቅ ይቻላል፤ በእርጅና ዘመን፣ ሁሉ ረስቶ ዝም ባለበት ጊዜ፣ አገርህ በስምህ ስትጠራህ ግን እንቢ ማለት የአዛድን ልብ ይጠይቃል።

ሌላው ነገር የሙታን ሽልማት ነው። ሽልማቱ ሲመሠረት ለሞተ ሰው አይሰጥም ነበር፤ በ1955 ደንቡ ተሻሻለ፤ ከሞቱ በኋላ ለመሸለም የመጀመሪያው በ1966 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሻስትሪ ሆኑ፤ ታሽኬንት ከተማ ከፓኪስታን ጋር የእርቅ ስምምነት በፈረሙ በሰዓታት ውስጥ ነበር የሞቱት። ይህ የሚያሳዝን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን የእኛ ሰው «የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» ይል የለም? የሞተ ሰው ሸላሚውን አይቀናቀንም፣ ነገ ተነሥቶ የሚያሳፍር ንግግር አያደርግም፤ በአንጻሩ ይወደው የነበረ ወገን ሁሉ ሸላሚውን ያመሰግናል፣ የምርጫም ካርድ ይዟል።

በታኅሣሥ 1987 የታሚል ናዱ ክፍለ አገር ዋና ሚኒስትር የነበሩት ዝነኛው የፊልም ተዋናይ ራማቻንድራን ሞቱ፤ በ1988 ወዲያው ተሸለሙ። በክፍለ አገሩ ምርጫ ይጠበቅ ነበርና ብዙዎች ይህ የድምፅ መለመኛ ነው አሉ። በሰውየው ላይ ምንም የለኝም፤ በየትምህርት ቤቱ ለድሆች ልጆች ምሳ እንዲበላ ያስፋፉ ናቸው። የሚያስገርመው ሌላ ነው። የሕገ መንግሥቱን አርቃቂ ኮሚቴ የመሩት፣ «የማይነኩ» ከሚባለው ወገን ተወልደው ኒው ዮርክና ለንደን ድረስ ሄደው የተማሩት ዶክተር አምቤድካር የሞቱት በ1956 ነው፤ የተሸለሙት በ1990። ሠላሳ አራት ዓመት! አገሩ የሚተዳደርበትን ሕግ ያረቀቀው ሰው ከተዋናዩ ኋላ ተሰልፎ ሁለት ዓመት ጠበቀ።

ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። በ2024 መጀመሪያ፣ አገር አቀፍ ምርጫ ሊደረግ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ አምስት ሰዎች ባንድ ዓመት ተሸለሙ፤ በዓመት ከሦስት አይበልጥም የሚለው ወሰን ተዘለለ። ከአምስቱ አራቱ በሕይወት የሉም። ከአራቱ አንዱ የእርሻ ሊቁ ስዋሚናታን ናቸው። በ1960ዎቹ ሕንድ ከአሜሪካ በመርከብ በሚመጣ ስንዴ በምትኖርበት ጊዜ፣ ማዳበሪያ ሲበዛበት የማይጋሽበውን አጭር አገዳ ያለው ስንዴ ከሜክሲኮ አስመጥተው ከአገሩ አፈር ጋር ካላመዱትና ገበሬው ራሱን እንዲመግብ ካደረጉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ናቸው። 98 ዓመት ኖሩ፤ በመስከረም 2023 ሞቱ። ሽልማታቸው የታወጀው ከዚያ በኋላ አምስት ወር ሳይሞላ ነው። እስቲ ንገሩኝ፤ ያ ስንዴ ከታጨደ ጀምሮ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሸላሚዎቹ ሁሉ ምን ይጠብቁ ነበር?

የሱባስ ቻንድራ ቦስ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይለያል። እንግሊዞችን በጦር ለማስወጣት የተነሡ አርበኛ ነበሩ፤ በነሐሴ 1945 ታይዋን ላይ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ ይባላል፤ ብዙ ሕንዳዊ ግን ይህን አላምንም ብሎ ኖሯል። በ1992 መንግሥት «ከሞቱ በኋላ» ብሎ ሽልማታቸውን ሲያውጅ፣ መሞታቸው መቼ ተረጋገጠና ተብሎ ፍርድ ቤት ተከሰሰ፤ ቤተሰባቸውም አልቀበልም አለ። በ1997 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ማስታወቂያው እንደ ተሰረዘ እንዲቆጠር ወሰነ። አንድ ቃል፣ «ከሞቱ በኋላ» የምትል፣ አምስት ዓመት አሟገተች።

እስካሁን የጻፍሁትን ያነበበ ሰው ሽልማት ይቅር ማለቴ ሳይመስለው አይቀርም። እንዲያውም ያ ከላይ ያልኋችሁ ባልንጀራዬ ወረቀቱን ወስዶ እስከዚህ ድረስ አነበበና፣ «ይህን ሁሉ ካወቅህ አንድ ጊዜ ሜዳዩ ይቅር በል እንጂ ምን ዙሪያውን ትሄዳለህ?» አለኝ። በሕንድም እንዲሁ ያሉ ነበሩ። በ1969 ክሪፓላኒ የሚባሉ የፓርላማ አባል ሽልማቶቹ ሁሉ እንዲሻሩ የሕግ ረቂቅ አቅርበው ነበር፤ አላለፈም። እኔም ከእርሳቸው ጋር አንድ ሳምንት ያህል ከረምሁ። አሳቤን ያስለወጡኝ ካርቬ ናቸው።

ካርቬ በ1858 ተወለዱ። በዚያ ዘመን ባሏ የሞተባት የብራህማን ልጅ፣ አሥር ዓመትም ይሁናት አሥራ አምስት፣ ጠጉሯን ተላጭታ፣ ከደስታ ቤት ተለይታ፣ እስክትሞት ድረስ ባል ሳታገባ ትኖር ነበር። ካርቬ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ሚስታቸው ሞቱባቸው፤ በ1893 ባሏ የሞተባትን አንዲት ሴት አገቡ፤ ያገራቸው ሰዎችም ከማኅበር ለዩአቸው። እርሳቸው ግን ከፑኔ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር፣ በጎጆ ቤት፣ ባል ለሞተባቸው ሴቶች መጠለያና ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ቀን በከተማው ኮሌጅ እያስተማሩ ማታ በእግራቸው ወደዚያ ይወርዱ ነበር። በ1916 ለሴቶች ዩኒቨርሲቲ አቋቋሙ፤ በሕንድ የመጀመሪያው ነው። በ1958፣ መቶ ዓመት በሞላቸው ጊዜ፣ ያ ነጭ ጥብጣብ ተሰጣቸው።

እንግዲህ አስቡት። መንደሩ ያወገዘውን ሰው፣ ከ65 ዓመት በኋላ፣ በሕይወት ሳለ፣ አገሩ ጠርቶ «አንተ ልክ ነበርህ፣ እኛ ተሳስተን ነበር» አለው። አንድ አገር ይህን በሌላ በምን ሊናገር ይችላል? ደመወዝ አይናገረውም፤ ሐውልትም ለሞተ ሰው ነው። በ2001 የተሸለሙት ቢስሚላህ ካንም የሰርግ ቤት አጃቢ የነበረውን ሸህናይ የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ ለትልቅ መድረክ ያበቁ ሙስሊም ናቸው፤ ቤታቸው የሂንዱዎች ቅድስት ከተማ ባናራስ ነበረ። በ1990 ደግሞ የራሳቸው አገር ዜጋ ያልሆኑትን ኔልሰን ማንዴላን ሸለሙ፤ እኛ በ1962 ወታደራዊ ትምህርት ያስተማርናቸውን ማንዴላ። እንዲህ ያለውን ስም ሳይ ክሪፓላኒን ተሰናበትኋቸው።

ዝርዝሩ ግን አሁንም አያጠግበኝም። እስከ 2024 ድረስ ከተሸለሙት 53 ሰዎች ሴቶቹ አምስት ብቻ ናቸው። ለሴቶች ትምህርት የደከሙትን ወንድ በ1958 የሸለመ አገር የተማሩትን ሴቶች ለማየት እንዲህ መዘግየቱ፣ የካርቬን ሜዳይ በግማሽ መመለስ ይመስለኛል። (የእኛ ምክር ቤት ስንት ሴት እንዳለበት የምታውቁት ነው፤ እኔ አልናገርም።) ስፖርተኛም እስከ 2011 ድረስ በደንቡ ውስጥ ቦታ አልነበረውም፤ ደንቡ ሲሰፋ የክሪኬት ተጫዋቹ ቴንዱልካር በ2014፣ በአርባ ዓመቱ፣ ተሸለመ። በ1928፣ በ1932 እና በ1936 ኦሊምፒክ ለአገሩ በሆኪ ወርቅ ያመጣው ዲያን ቻንድ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ስለ ማዕረግ ነገር ደግሞ ጥቂት ልጨምር። 18ኛው አንቀጽ ተጥሷል ብለው ሰዎች ከሰው ነበርና ጉዳዩ ለዓመታት ከተንጠለጠለ በኋላ በታኅሣሥ 1995 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈረደ፤ ሽልማቱ ማዕረግ ስላልሆነ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም፤ ነገር ግን ተሸላሚው ከስሙ በፊትም ሆነ ከስሙ በኋላ ሊጽፈው አይችልም፤ የጻፈ እንደሆነ ሽልማቱን ሊነጠቅ ይችላል። ይህን ፍርድ አንድ ሰው ተርጉሞ በየግድግዳችን ቢለጥፍልን ምንኛ መልካም ነበር! በእኛ አገር የክብር ዶክትሬት የተሰጠው ሰው ከማግስቱ ጀምሮ «ክቡር ዶክተር» ነው፤ በመጋረጃው፣ በካርዱ፣ በሰርግ ጥሪው ላይ ሳይቀር። የእኛም ረቂቅ በ9ኛው አንቀጹ ተሸላሚው «ባለ ሜዳይ» ተብሎ በማኅበሩ ስብሰባዎች እንዲጠራ ይላል። አንድ ሰው ምሳ አዳራሽ ውስጥ «ባለ ሜዳይ እገሌ፣ ጨው አቀብለኝ» ሲባል ይታያችሁ።

ሽልማት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በ1960ዎቹ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት ከበደ ሚካኤልን፣ አፈወርቅ ተክሌን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን የመሰሉ ሰዎች ሸልሟል፤ በምርጫው አላፍርም። ነገር ግን በ1974 አብዮቱ ሲመጣ ሸላሚው ወደቁ፣ ሽልማቱም አብሮ ወደቀ። በአንድ ሰው ወይም በአንድ ወንበር ስም የተሰፋ ክብር ዕድሜው የወንበሩን ያህል ነው፤ ሕንዶችም በ1977 ያዩት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ወደ ግቢያችን ልመለስ። ረቂቁ እንዲጣል ሳይሆን እንዲታረም እጠይቃለሁ። የምክር ቤት አባል የሆነ ሰው ወንበሩ ላይ ሳለ አይሸለም፤ ከወረደም በኋላ አንድ ሙሉ ዓመት ይለፈው። «ይህማ ተመርቀን ከሄድን በኋላ ነው» ትሉ እንደሆነ፣ በእውነት የሚገባችሁ ከሆነ የሚቀጥሉት ልጆች ጠርተው ይሸልሟችኋል። መራጮቹ ከየትምህርት ክፍሉ በዕጣ የሚወጡ ይሁኑ እንጂ ምክር ቤቱ አይሁን። የገንዘቡ ስጦታ ይቅር፤ 9ኛው አንቀጽም ይቅር። ከዚህም ሁሉ በላይ፣ ተሸላሚው ተማሪ ብቻ መሆን አለበት የሚለው ቃል ይውጣ፤ ውኃ በጠፋበት ሳምንት ከወንዝ በጀሪካን ሲያመላልሱ የሰነበቱት የምግብ ቤት ሠራተኞች «የተማሪው ኅብረተሰብ» አይደሉም ያለው ማን ነው?

ስም ለመጥራት አልፈቅድም፤ ቢጠራም ባለቤቱ ይቆጣኛል። ግን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት በስተ ግራ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ በየማታው ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ለዓይነ ስውራን ጓደኞቻችን የሕግና የታሪክ መጻሕፍት የሚያነብ ልጅ አለ። ፈተና ሲደርስ እርሱ የራሱን ደብተር የሚገልጠው እነርሱ ከተኙ በኋላ ነው። በአንድ ወቅት ጉንፋን ይዞት ድምፁ ሲዘጋ፣ ሌላ ሰው እንዲያነብላቸው ከበር እበር ሲለምን አይቼዋለሁ። ምክር ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ንግግር ሲያደርግም የሰማው ሰው የለም። በዚህ ሰኔ ይመረቅና ይሄዳል። በሕይወት ሳለ ብቻ ሳይሆን፣ እዚህ ሳለ እንድረስበት።

ማሻሻያው ለጠቅላላ ጉባኤው እንዲቀርብ የ50 ተማሪዎች ፊርማ ያስፈልገዋል። ወረቀቱ በምግብ አዳራሹ መግቢያ፣ ከኩፖን መቁረጫው መስኮት አጠገብ ተሰቅሏል፤ እርሳሱ በክር ታስሯልና እባካችሁ አትውሰዱት። እስከ ትናንት ማታ 31 ሰዎች ፈርመዋል። ከእኔ በላይ የሚተኛው ባልንጀራዬ ሁለት ጊዜ ወረቀቱ ፊት ቆሞ አንብቧል፤ እስካሁን አልፈረመም።